መብራት ሲጠፋ ስልኩን የሚያቆየው ምንድን ነው?

ኪርያት አርዬን የማያውቅ የፔታህ ቲክቫ ሰው የለም። ስሙን ያገኘው የኢንዱስትሪ ባለቤቶችን ማኅበር ይመራ ከነበረው ከአርዬ ሸንካር ነው። ለብዙ ዓመታት ሰፈሩ ማለት ፋብሪካ፣ መጋዘንና ጋራዥ ማለት ነበር። ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችንም ጎህ ሳይቀድ ተነስተው እንዲህ ባሉ ሰፈሮች በጽዳት፣ በጥበቃና በማሽን ላይ የሠሩ ብዙ ናቸው። በ2008 የባቡር ጣቢያው ተከፈተ፤ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ ቀዩ መስመር፣ ማለትም ቀላል ባቡሩ፣ እዚያ ይቆማል። መጋዘን በነበረበት ቦታ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል፤ የመገናኛና የኤሌክትሮኒክስ ድርጅቶችም ገብተውበታል። ልጆቻችን «ሃይቴክ ነው የምሠራው» ይላሉ፤ ሥራው ምን እንደሆነ በአማርኛ ለማስረዳት ግን ይቸገራሉ። አባትም «ኮምፒውተር ነው መቼም» ብሎ ያልፈዋል።

ከእነዚያ ሥራዎች አንዱን ዛሬ በአማርኛ እንሞክረው። ሥራው ለስልክና ለኢንተርኔት መሣሪያዎች ኤሌክትሪክን የሚለውጠውን ዕቃ መንደፍ ነው። ባለሙያዎቹ ኮንቨርተር ይሉታል፤ እኛ መለወጫ እንበለው። ከሌሎቹ ሁሉ ይህን የመረጥኩት ብቻቸውን የሚኖሩ እናትና አባት ቤት በቀጥታ ስለሚገባ ነው።

ጁን 16 ቀን 2025 ሌሊት ሚሳኤል ፔታህ ቲክቫ ውስጥ የመኖሪያ ሕንፃ መትቶ ሰዎች ሲሞቱ በከተማው ያለ ሁሉ መጀመሪያ ያደረገው ስልክ ማንሳት ነው። «እማዬ፣ ማማድ ውስጥ ነሽ?» በዚያ ሰዓት ስልክ ቅንጦት አይደለም። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 2025፣ ስፔንና ፖርቱጋል እኩለ ቀን ላይ መብራት በአንድ ጊዜ ጠፋባቸው። ጦርነት አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ መረቡ ራሱ ነው የወደቀው። መጀመሪያ ላይ የእጅ ስልክ ይሠራ ነበር። ሰዓታት ሲያልፉ ግን የአንቴናዎቹ ባትሪ እያለቀ በብዙ ቦታ ስልኩም ዝም አለ። ሰው በእጁ የያዘው ስልክ ሙሉ ባትሪ እያለው የሚያነጋግረው አንቴና ሞቶበት ቀረ።

ይህ ለምን ሆነ? የድሮውን የቤት ስልክ አስታውሱ። መብራት ሲጠፋ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ስልኩ ግን ይሠራል። ያ ስልክ ከግድግዳው ሶኬት ምንም አይወስድም ነበር። ኃይሉ የሚመጣለት ከስልክ ማዕከሉ በዚያው በቀጭኑ የመዳብ ሽቦ ነው። በማዕከሉ ምድር ቤት የባትሪ ረድፍ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ የእርሳስ ባትሪ ክፍል 2 ቮልት፣ 24 ክፍል ሲያያዝ 48 ቮልት። ይህ ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ የስልክ ሥራ ቁጥር ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬም አብዛኞቹ የእጅ ስልክ አንቴናዎች የሚሠሩት በ48 ቮልት ነው።

አሁን ግን ወደ ቤት የሚገባው ፋይበር ነው። ፋይበር መስታወት ነው፤ ብርሃን ያስተላልፋል፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ቤት ያለው ሣጥን፣ ራውተሩም፣ ከሶኬት መብላት አለበት። ሶኬቱ ሲሞት ኢንተርኔቱም፣ በእሱ ላይ የተሠራው የቤት ስልክም አብረው ይሞታሉ። ቤተሰብ ለእናት ብሎ ያስገባው የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ በዚያ መስመር ላይ ከሆነ እሱም ያው ነው። ሳሎን ያለው ስልክ ዱሮ ያልነበረበት ድካም መጣበት ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ፋይበሩን የሚሸጠው ሰው በር ላይ ቆሞ ሲናገር አልሰማሁም።

አሁን ወደ መለወጫው እንምጣ። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት ተለዋዋጭ ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ኤሲ ይባላል። ባትሪ የሚሰጠው፣ የስልክና የኮምፒውተር መሣሪያም የሚፈልገው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰውን ነው፤ ይህ ዲሲ ይባላል። አንቴናው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ መጀመሪያ ኤሲው ወደ ዲሲ ይለወጣል፣ ወደ 48 ቮልት ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ 12፣ በመጨረሻም ለቺፑ ወደ 1 ቮልት ገደማ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት ይባክናል። የባከነው የትም አይሄድም፤ ሙቀት ሆኖ ሣጥኑን ያግለዋል። ያን ሙቀት ለማስወጣት ደግሞ ማራገቢያ ወይም ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ እሱም በተራው ኤሌክትሪክ ይበላል።

ብክነቱ ምን ያህል ነው? ለምሳሌ ያህል በቁጥር እንየው። አንድ አንቴና ቺፖቹ የሚፈልጉት 1,000 ዋት ነው እንበል፤ ባትሪውም 10 ኪሎዋት ሰዓት ይዟል። ከባትሪው እስከ ቺፑ ያሉት መለወጫዎች ከሚወስዱት 85 በመቶውን ብቻ የሚያደርሱ ከሆነ ባትሪው በስምንት ሰዓት ተኩል ያልቃል። 95 በመቶ የሚያደርሱ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ባትሪው ያው ነው፣ አንቴናው ያው ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው። በሰላም ጊዜ አንድ ሰዓት ምንም ላይመስል ይችላል። መሐንዲሱ ግን ሰባትና ስምንት ወር ተቀምጦ የሚታገለው ለዚያች ሰዓት ነው። ደግሞ በአደጋ ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚደውል አንቴናው የበለጠ ይሠራል፤ የበለጠ ይበላል፤ ባትሪው የሚያልቀው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ለሥራው ዋናው መፍትሔ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ይህን ለመረዳት የኤሌክትሪክ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ በጎንደር ገጠር የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው በቂ ዕውቀት አለው። ድንጋዩን የሚያዞረው ሁለት ነገር ነው፦ ውሃው የሚወድቅበት ከፍታና የውሃው ብዛት። ከትንሽ ከፍታ የሚወድቅ ብዙ ውሃና ከትልቅ ከፍታ የሚወድቅ ጥቂት ውሃ እኩል እህል ሊፈጩ ይችላሉ። ቮልቴጅ ከፍታው ነው፤ ከረንት የሚሉት የውሃው ብዛት ነው። እንግዲህ ብዙ ውሃ ለማምጣት ሰፊ ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል፣ በመንገድም ብዙ ይሰርጋል። ጥቂት ውሃ ከሆነ ግን ጠባብ ቦይ ይበቃዋል።

በኤሌክትሪክ ደግሞ ልዩነቱ ከቦይ ይበልጣል። 4,800 ዋት በ48 ቮልት ለመላክ 100 አምፔር ያስፈልጋል። ያንኑ በ400 ቮልት ለመላክ 12 አምፔር ይበቃል። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት የሚያድገው በከረንቱ ልክ ሳይሆን ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ በዚያው ሽቦ ላይ ብክነቱ ወደ ሰባ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ሰባ እጥፍ! የዓለም አቀፉ የመገናኛ ኅብረት በ2012 ለስልክና ለኮምፒውተር መሣሪያዎች እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ዲሲ እንዴት እንደሚቀርብ ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መደበኛው የሥራ ክልል ከ260 እስከ 400 ቮልት ነው።

በነገራችን ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ዲሲ ሩቅ ቦታ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ230 ቮልት ሶኬት ላይ የሚሰካ የኮምፒውተር ቻርጀር ሆዱ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ዲሲ አለ። ከሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችላል። የልጅ ልጆቻችሁ የተበላሸ ቻርጀር ለመክፈት ሲሞክሩ ካያችሁ ተቆጧቸው።

ከፍታው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ቺፑ 1 ቮልት ብቻ የሚፈልግ ስስ ነገር መሆኑ ነው። 400 ቮልት የሚያክል ፏፏቴ በቀጥታ ቢለቀቅበት ያልቅለታል። ንድፉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ፏፏቴውን ውሃ ሳያፈሱ ወደ ለስላሳ ምንጭ ማውረድ። ዘዴው በር መክፈትና መዝጋት ነው። በመለወጫው ውስጥ ያለች ትንሽ ኤሌክትሮኒክ በር በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ትከፈታለች ትዘጋለች። በተከፈተች ቁጥር ጥቂት ኃይል ወደ ጥቅል ሽቦና ወደ ትራንስፎርመር ይገባል፤ በተዘጋች ቁጥር ያ ኃይል ወደ ሌላው ወገን በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይወጣል። በሩ ሙሉ ለሙሉ ሲዘጋ ብክነት የለም ማለት ይቻላል፤ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈትም ጥቂት ነው። የሚባክነው በመካከል ነው፣ በሩ ገርበብ ባለበት ቅጽበት። ቅጽበቱ እጅግ አጭር ነው፤ ግን በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ሣጥኑን ለማጋል ይበቃል።

መሐንዲሶቹ ለዚህ ያገኙት መላ እኔን በጣም ያስገርመኛል። ልጅ በዥዋዥዌ ላይ ሲጫወት የሚገፋው ሰው ዥዋዥዌው ወደ እሱ መጥቶ ለአፍታ ቀጥ ሲል ነው የሚገፋው፤ በመካከል ቢገፋ እጁን ይመታዋል። በመለወጫውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጥቅል ሽቦውና ካፓሲተሩ ኤሌክትሪኩን እንደ ዥዋዥዌ እንዲያወዛውዙት አድርገው ይሠሯቸዋል፤ በሯ የምትከፈተው በላይዋ ያለው ቮልቴጅ ወደ ዜሮ በወረደበት ቅጽበት ብቻ ነው። ያኔ የሚባክነው ከምንም አይቆጠርም። በሯ የምትሠራበት ዕቃም ተለውጧል፤ ዱሮ ሲሊከን ብቻ ነበር፣ አሁን ጋሊየም ናይትራይድና ሲሊከን ካርባይድ የሚባሉ ፈጥነው የሚከፈቱና የሚዘጉ ዕቃዎች መጥተዋል። በእነዚህ ሁሉ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ዕቃ ዱሮ 90 በመቶ ገደማ ያደርስ የነበረው ዛሬ ጥሩ ሲሠራ 97 በመቶ ይደርሳል። 5,000 ዋት በሚበላ አንድ ጣቢያ ላይ ልዩነቱ 400 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ከሚበላው አንድ ዘጠነኛው ያህል፣ ነገር ግን ቀንና ሌሊት፣ ሰንበትም ጭምር ሳይጠፋ። በዓመት 3,500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

በዚህ ሥራ አካባቢያችን ታሪክ አለው። በ1961 የተመሠረተው ኢሲአይ ቴሌኮም እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ሆኖ የስልክ መሣሪያ ለዓለም ሲሸጥ ኖሯል፤ በ2020 ሪበን ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጋር ተቀላቀለ። ጎረቤታችን ሆድ ሃሻሮን ላይ ደግሞ ፓወርዲሳይን የሚባል ድርጅት በ1994 ተቋቋመ። የኢንተርኔት ኬብል መረጃ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክም አብሮ እንዲያመጣ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ የወጣው በ2003 ነው፤ ቮልቴጁም ያው የጥንቱ 48። በኮሪደር ጣሪያ ላይ የምታዩት ካሜራና የዋይፋይ ሣጥን የመብራት ሽቦ ሳይኖረው የሚሠራው በዚህ ነው። በመጀመሪያው ደንብ ከአንዱ ጫፍ 15.4 ዋት ሲላክ በሌላው ጫፍ የሚጠበቀው 12.95 ዋት ነው። ቀሪው በ100 ሜትር ኬብል ላይ ሊባክን የሚችል ነው። ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው። ድርጅቱን በ2007 አሜሪካኖች ገዙት፤ እዚህ ሀገር የጥሩ ድርጅት ዕጣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ጉዳዩን ያሞቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በ2020 የዮቅንዓሙን ሜላኖክስ የገዛው ኤንቪዲያ በሜይ 2025 ለኮምፒውተር ማዕከሎቹ ከ2027 ጀምሮ ወደ 800 ቮልት ዲሲ እንደሚሸጋገር አስታውቋል። ምክንያቱን ሲያስረዳ አንድ ሜጋዋት የሚበላ አንድ የኮምፒውተር መደርደሪያ በአሁኑ 54 ቮልት ቢሠራ እስከ 200 ኪሎ መዳብ ሊያስፈልገው ይችላል ብሏል። ለአንድ መደርደሪያ! የወፍጮው ቦይ ጉዳይ እዚህም ደረሰ።

ታዲያ ለምን ሁሉም ነገር ወዲያው ወደ 400 ወይም 800 አይለወጥም? ምክንያቱ አደገኛ መሆኑ ነው። 48 ቮልት ደረቅ እጅን ብዙ አይጎዳም፤ 400 ቮልት ዲሲ ይገድላል። ደግሞም ዲሲ ሲቆረጥ አመለኛ ነው። ኤሲ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ሽቦ ሲነቀል የሚነሳው ብልጭታ ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ የለውም፤ ብልጭታው እየተሳበ ይነዳል፣ ዕቃም ያቃጥላል። ስለዚህ መሰኪያው፣ ብሬከሩ፣ ፊውዙ ሁሉ ለብቻው ለዲሲ መሠራት አለበት፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ወገን መካከል ያለው ክፍተትም በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይቀመጣል።

የክፍተቱን ጉዳይ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ፤ እናንተም ትወዱታላችሁ ብዬ አስባለሁ። አየር ራሱ ማገጃ ነው፤ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ይሳሳል፣ ብልጭታም በቀላሉ ይዘላል። ዓለም አቀፉ ደንብ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ክፍተቱን እንዳለ ይተወዋል፤ 3,000 ሜትር ላይ ግን በ1.14 እንዲባዛ ያዛል፣ 4,000 ሜትር ላይ በ1.29። ፔታህ ቲክቫ ሜዳ ናት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ለሜዳው ተብሎ በስስት የተነደፈ መለወጫ ስሜን ተራራ ሥር ባለ አንቴና ላይ ቢሰቀል ሊበላሽ ይችላል፤ ማራገቢያውም በስስ አየር እንደ ሜዳው አያቀዘቅዝም። ከጎንደር የሚደወልላችሁ ዘመድ ድምፅ በእንዲህ ያለ ሒሳብ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው።

ያው ሕግ በትልቁ የሚታየውም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 500 ሺህ ቮልት ዲሲ ነው፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት እንዲያስተላልፍ ተሠርቷል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ለኬንያ ኤሌክትሪክ የምትሸጠው በዚህ ነው። በሁለቱም ጫፍ ያለው መለወጫ ጣቢያ ትልቅ ግቢ የሚሞላ ነው፤ በአንቴናው ሥር ያለው ደግሞ ከዳቦ አይበልጥም። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፣ በመንገድ ምን ያህል ይፈሳል የሚለው።

ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር ልበል። አሁን ወጣቱ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሶፍትዌር ነው። የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ግን እጅ፣ ትዕግሥትና የሙቀት ዕውቀት ይጠይቃል፤ በቀይ ከሰልና በወናፍ ማረሻ ያወጡ አያቶች ላሏቸው ልጆች እንግዳ ሙያ ሊሆን አይገባም ብዬ አምናለሁ። በቤር ሼቫ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የታወቀ ነው፤ ፕሮፌሰር ሳም ቤን ያዕቆብ ለብዙ ዓመታት እዚያ አስተምረዋል፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ትምህርታቸውን በቪዲዮ ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣሉ። በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና አምስት ዩኒት ሒሳብ የያዘ የልጅ ልጅ ካላችሁ ስሙን ንገሩት።

ለቤት የሚሆነውም ቀላል ነው። የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ ያላችሁ ሰዎች ድርጅቱን ደውላችሁ ጠይቁ፦ ቁልፉ የሚሠራው በፋይበር ነው ወይስ በራሱ ሲም ካርድ? መብራት ሲጠፋ የራሱ ባትሪ ስንት ሰዓት ይይዛል? መልሱን በወረቀት አስጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ራውተሩን በተመለከተ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ልጆች ያንብቡላችሁ፤ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ዲሲ ይላል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ባትሪ በኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይሸጣል፤ በራውተሩና በሶኬቱ መካከል ይገባል። ፋይበሩ የሚገባበት ሣጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ ግን እሱም ባትሪ ይፈልጋል፤ አንዱ ብቻ ቢበራ ጥቅም የለውም። ሲገዙ ቮልቱና የመሰኪያው ጫፍ ከራውተሩ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ከተገጠመ በኋላም ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ከቤት ስልኩ ወደ ልጆቻችሁ ደውሉና ሞክሩት።